ከጎሉ ጀርባ የቆመው በረኛ

ስለ ተጫዋች ዝውውር ከእኔ ጋር ባትከራከሩ ይሻላችኋል። ጭሮ ውስጥ ፍራሽና ምንጣፍ እሸጣለሁ፤ እውነተኛ ሥራዬ ግን ቡድናችንን መተቸት ነው። ኮሚቴው ክረምት በገባ ቁጥር አጥቂ በአጥቂ ላይ ያስፈርማል፣ የግራ መስመር ተከላካይ ግን ወላሂ ትዝ አይለውም። ከድሬዳዋ የመጣ ልጅ ሁሉ ኳስ ተጫዋች ይመስላቸዋል። አንዱን አምጥተው የሁለት ዓመት ኮንትራት ሰጡት። ልጁ የሚሮጠው ዝናብ ሲጥል ብቻ ነው፣ ያውም ወደ መጠለያ። "አቦ፣ ከማስፈረማችሁ በፊት አንዴ እንኳ ሲጫወት እዩት!" እላለሁ። ማን ሰምቶኝ!

ይህን ሁሉ የምለው በርጫ ላይ ነው። ከቀትር በኋላ ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል ጫታችንን ይዘን እንሰበሰብና በግድግዳው ዙሪያ እግራችንን ዘርግተን እንቀመጣለን። ሰው ሊያልፍ ሲል ሁሉም እግሩን ይሰበስባል፣ ካለፈ በኋላ መልሶ ይዘረጋል። ጨዋታውም አይቋረጥ፣ ቀና ብሎ ያለፈውን የሚያይም የለ። በእኛ በርጫ ሽማግሌ ዱዓ አድርገው ይከፍቱታል፣ ሲያበቃም ዱዓ አድርገው ይዘጉታል። ዱዓው ሳይደረግ የተነሳ ሰው እንደተሰናበተ አይቆጠርም። የኮሚቴው ሰዎችም እዚያው ስለሚቅሙ የቡድኑ ነገር የሚያልቀው እኛ ዘንድ ነው።

ያን ክረምት ጉዳያችን የበረኛ ነበር። በረኛችን በኳስ ዕድሜ አርጅቷል። ጉልበቱ ይንቋቋል፣ ከፍ ያለች ኳስ አይደርስባትም። የእህቴ ልጅ ደግሞ ገለምሶ ውስጥ ጎረምሳ በረኛ ነበር፤ ሲዘል ለጉድ ነው። "አሮጌውን አሰናብቱ፣ የገለምሶውን ለአንድ ዓመት አስፈርሙ" አልኩ። "ለእህትህ ልጅ ነው እንዴ የምትሟገተው?" ብለው ሳቁብኝ። አዎ፣ ለእህቴ ልጅ ነው! አባቱ ከሞተ ወዲህ ከኳስ ሌላ ምንም የለው። ቡድን ካጣ በሚኤሶ በኩል በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሊሰደድ ከጓደኞቹ ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል። እናቱ በስልክ እያለቀሰች ነግራኛለች፤ ይህንንም እዚያው በርጫ ላይ ለሁሉም ነገርኳቸው። ግን ደግሞ የተሻለውም በረኛ እሱ ነበር። ዛሬም ብትጠይቁኝ ያንኑ እላለሁ።

አሮጌው በረኛ እኛ ስንሟገት በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ነገሩ በኔ አሳብ አለቀና ገና እየተጯጯህን ሳለ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ሁሉም ያሰጣው እህል፣ ውጭ የተወው ዕቃ ትዝ እያለው እግሬ አውጪኝ አለ። ሽማግሌውም ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ። እሱ ብቻ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

"አንተስ አትሄድም?" አልኩት።

"ዱዓ አልተደረገም እኮ" አለኝ።

"ነገ ይደረጋላ!" አልኩት። በነጋታው ግን ሌላ ክርክር ተነሳ፣ ጉዳዩም ተረሳ።

ውድድሩ ሲጀመር የእህቴ ልጅ ጎሉ ውስጥ ቆመ። አሮጌው በረኛ ደግሞ የውሃ ፕላስቲኩን ይዞ ከጎሉ ጀርባ፣ ሜዳውን ከከበበው የቁልቋል አጥር ሥር ቆመ። አይጮህም፣ አያጨበጭብም። ዝም ብሎ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። መጀመሪያ የናፍቆት መስሎኝ አዘንኩለት። እያደር ግን አንድ ነገር አየሁና ሰውነቴን ቀፈፈኝ። ሰውየው የሚያዘነብለው ኳሷ ከመመታቷ በፊት ነበር። የእህቴ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶት እንደቆመ፣ ዞሮ ሳያየው፣ ሰውየው ወዳዘነበለበት ይወረወራል። ኳሷም ወደዚያው ትመጣለች።

ዕረፍት ሲሆን አሮጌው በረኛ በሜዳው ዳር እያነከሰ ወደ ማዶው ጎል ይሻገራል። መሬት ላይ እግራችንን ዘርግተን የተቀመጥነው ደጋፊዎች እንደ በርጫው እግራችንን እየሰበሰብን እናሳልፈዋለን። ጎል የማይገባበት በረኛ አገኘን ብሎ ከተማው ሲጨፍር የእህቴን ልጅ ለብቻው ያዝኩት።

"እንዴት ነው የምታውቀው?" አልኩት።

"አጎቴ፣ ይሞቀኛል" አለኝ። "አንድ ሰው ጆሮዬ ሥር የሚተነፍስ ይመስለኛል። በሞቀኝ በኩል እወድቃለሁ።"

ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ እቆጣለሁ። አሮጌውን በረኛ ገበያ መሃል አገኘሁትና፣ "ምን ትሠራለህ እዚያ? ተሰናብተሃል እኮ!" ብዬ ጮህኩበት።

"ማን አሰናበተኝ?" አለኝ በለሆሳስ።

የውድድሩ ማብቂያ ሲቃረብ ታመመና መሰላ ከተማ ያለችው እህቱ መጥታ ወሰደችው። እፎይ ብያለሁ፣ አልዋሽም። የእህቴ ልጅ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። የቀረን ጨዋታ ከሚኤሶ ልጆች ጋር ነበር። ኮሚቴው ቁርጡን ነግሮታል፤ ካሸነፈ የሁለት ዓመት ኮንትራት፣ ከተሸነፈ ስንብት። ከድሬዳዋ የሚመጣ በረኛ እንኳ ታጭቶ ነበር፣ እንደ ልማዳቸው። ልጁም ልብሱን በሻንጣ ከትቶ አልጋው ሥር ማስቀመጡን አይቻለሁ።

ጨዋታው ተጀመረ። ከጎሉ ጀርባ ቁልቋሉ ብቻ ነበር። የሚኤሶ ልጆች እንደ ጉድ መቱ፤ የእህቴ ልጅ ያዘ፣ አወጣ፣ ተፋ። ዕረፍት ሆነ። እኔ በመሃል ሜዳው ትይዩ ዳር ላይ ተቀምጬ ስለ ግራ መስመር ተከላካያችን እየተሳደብኩ ነው። ቀና ስል ከጎሉ በኩል የተቀመጠው ሰው እግሩን ሰበሰበ። ቀጥሎ ያለው ሰበሰበ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። የመጀመሪያው መልሶ ዘረጋ። ማንም ወሬውን አላቋረጠም፣ ማንም ቀና ብሎ አላየም። እግሮች እየተሰበሰቡና እየተዘረጉ በሰልፉ ላይ ወደ እኔ መጡ። የሚያልፍ ሰው የለም። ባዶ ሜዳ ነው! አልሰበስብም ብዬ በልቤ ማልኩ። እግሬ ግን ራሱ ተሰበሰበ፤ ጉልበቴንም ሙቀት ታክኮት አለፈ።

አጠገቤ ያለው ሰውዬ የጫት ቅጠሉን እንደያዘ፣ "ማን ነው ያለፈው?" አለኝ።

"ምን አውቄ!" አልኩት።

ከዕረፍት በኋላ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን። የእህቴ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ቀኝ ተወረወረና በሁለት እጁ መለሳት። ወላሂ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። አሸነፍን። ኮሚቴው እዚያው ሜዳ ላይ ይፈርም አለ፤ እኔም ፍርሃቴን ረስቼ፣ "ሁለት ዓመት! ዛሬውኑ እሰሩት!" እያልኩ ጮህኩ። ልጁ ግን "መጀመሪያ መሰላ ልሂድ" ብሎ ድርቅ አለ።

በነጋታው በሚኒባስ አብረን ሄድን። የአሮጌው በረኛ እህት በር ላይ ተቀበለችን። አማርኛዋ ከኦሮምኛ ጋር ይቀላቀላል። "ኮታ፣ ኑ ግቡ" አለችን። "ምን አድርጋችሁት ነው ይሄን ሰው? ትናንት ከአስር ሰላት በፊት ጀምሮ ከአልጋ ይወድቃል። አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲህ። ፍራሹን መሬት አነጠፍን። መሃል ላይ ሙቀቱ እንደዚያ እሳት ሆኖ ተነሳ፣ ፍራሹን ጎተተ፣ ወደዚያ ግድግዳ ወሰደው። እያነከሰ። ከዚያ እንደገና መውደቅ ጀመረ።"

ከእኔ ሱቅ በገዛው ፍራሽ ላይ በጀርባው ተኝቷል። ከስቷል። ሁለቱም መዳፎቹ ተልጠው ቀልተዋል። የእህቴ ልጅ ተንበርክኮ ጉልበቱን ሳመና የራሱን እጆች አየ፤ ጭረት እንኳ አልነበረባቸውም። ሰውየው አመጣጣችንን አልጠየቀም።

"ፈረምክ?" አለው።

"ሁለት ዓመት እያሉኝ ነው፣ ጋሼ።"

ያን ቀን ያልተደረገው ዱዓ ታየኝ። "ስማኝ ወንድሜ፣ እኛ ነን ያጠፋነው። አሁን እዚሁ ዱዓ አድርገን እናሰናብትህ። ይብቃህ" ብዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

በሚያቃጥል መዳፉ እጄን ያዘና ቀስ አድርጎ ወደ ታች አወረደው። ትኩሳቱ እስከ ክርኔ ተሰማኝ።

"ልጁስ?" አለኝ። "መኪና ላይ ይሳፈር?"

ከዚያ ወደ እህቴ ልጅ ዞረ። "አንድ ዓመት ፈርም" አለው። "ከዚያ በላይ አልችልም።"

ልጁ አንድ ዓመት ፈረመ። ለምን ሁለቱን እንዳልወሰደ ኮሚቴው እስካሁን አልገባውም። አሁን ያ ዓመት ሊያልቅ ነው፤ በርጫ ላይ የበረኛው ነገር ተነስቷል፣ "አንተስ ምን ትላለህ?" እያሉ አሳቤን ይጠይቁኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ አሳብ የለኝም። ሰውየው መሰላ ከተኛበት አልተነሳም። የእህቴ ልጅም አሁን ድረስ ጎል አልገባበትም።

ባለፈው ጨዋታ ዕረፍት ላይ እንደ ወትሮው እግሮች መሰብሰብ ጀመሩ፤ ግን በጣም በዝግታ ነበር። ጥቂት ሰው ይሰበስባል፣ ከዚያ ይቆማል፣ እንደገና ይቀጥላል። መሃል መንገድ ላይ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሙቀቱ ጉልበቴ ላይ አረፈ። ከኔ ወዲያ ያለው ሰው እግሩን እንደዘረጋ ነው፣ አልሰበሰበም። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፣ የእህቴ ልጅ ማዶው ጎል ውስጥ ገብቶ ጀርባውን ለቁልቋሉ ሰጠ፤ እኔ ግን እግሬን መዘርጋት አልቻልኩም።