ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ድምፅ

ደብረ ታቦር በፖሊስ ሬዲዮ ኦፕሬተርነት ስሠራ ሞባይል የሚባል ነገር ገና አልደረሰንም። ጠዋት ጠዋት የጠፋውን ከብትና የሚፈለገውን ሰው ለየጣቢያው እናገራለሁ፤ እነሱም ያላቸውን ይነግሩኛል። ከሁሉም የምጠብቀው ከዓባይ ማዶ፣ ከጎጃም በኩል የሚመጣውን ድምፅ ነበር። ልጁ እንደኔው ኦፕሬተር ነው። መልኩን አይቼው አላውቅም፤ ግን ምን ልዋሽ፣ ወድጄዋለሁ። መስመሩን ጣቢያው ሁሉ ስለሚሰማው "እንደምን አደርሽ" ከመባባል አላለፍንም።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ አንዲት እናት በሬያቸው ተሰርቆ እያለቀሱ መጡ። ከጎረቤት ጋር አቀናጅተው የሚያሳርሱት ያንኑ አንድ በሬ ነው። ቀይ፣ ግንባሩ ቦቃ። ወይ ጉድ፣ እንዲህ ያለ በሬማ በየገበያው ሞልቷል፤ ሌባውም የኔ ነው ብሎ ድርቅ ይላል። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝና፣ ሲጠሩት ማን እንደሚሉት ጠየቅኋቸው። መከታ አሉኝ።

ስሙን ከምልክቱ ጋር አስተላለፍኩ። አለቃችን የመንግሥት ሬዲዮ የበሬ መጥሪያ ሆነ ብለው ሳቁብኝ። ማዶ ያለው ልጅ ግን አልሳቀም። ራሱ ከፖሊሶቹ ጋር ገበያ ወርዶ ከበስተኋላ "መከታ!" ቢል በሬው ዞር አለ። ሌባውም ደንግጦ አብሮ ዞረ።

ርክክቡ የዓባይ ድልድይ ላይ እንዲሆን ተወሰነ፤ በሬውንም ልጁ ራሱ እኔ አደርሳለሁ አለ። እኔም ልሂድ ብዬ ለመንኩ። ሬዲዮውን ማን ሊይዝ ነው ተባልኩ። እውነትም ሌላ ሰው አልነበረም። በኔ ፈንታ አንድ ባልደረባዬ ሴትዮዋን ይዞ ሄደ።

የሄደው ባልደረባዬ ሲመለስ ስለ በሬውና ስለ ሴትዮዋ እልልታ አውርቶ አይጠግብም። ልጁስ ምን ይመስላል ብዬ ብጠይቀው "ደህና ሰው ነው" ብሎ አረፈው። አያናድድም? ኋላ ጫማውን እያወለቀ፣ እንደ ዋዛ፣

"መኪናችን ውስጥ አጎንብሶ ሲያይ ነበር። 'እሷ አልመጣችም?' አለን" አለኝ።

በማግስቱ እንዴት ብዬ እንደማመሰግነው እያሰብኩ ሬዲዮውን ከፈትኩ። የመለሰልኝ የማላውቀው ሰው ነበር። የቀድሞው ተዛውሯል፣ ትናንት የመጨረሻ ሥራው ነበር አለኝ። ወዴት እንደሆነ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ሌላ ጣቢያ ገባብን፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉ በሚሰማው መስመር ለመጠየቅ አፈርኩ። ይኸው ጡረታ ወጥቼም ድምፁ ይናፍቀኛል። ለካ መሄዱን እያወቀ ነው፣ በሬውን እኔ አደርሳለሁ ያለው።