ለበጎቹ የተላከ ክኒን

የሆጤ ሰፈሯ ባለሱቅ እትዬ ጣይባ ሲጠረጥሩ አይጣል ነው! ስኳር መዝነው የሸጡለት ሰው ገና ደጁን ሳይለቅ ሚዛኑን መልሰው ያዩታል፤ ተርፎት ሄዶ እንደሁስ? ሚሌኒየሙ ባለፈ ማግስት ደጋን ገጠር ላለ ሰይድ ለሚባል ገበሬ በጎች በርቢ ሰጡ። በጎቹ የሳቸው፣ ጥበቃው የሱ፣ ግልገሉ የጋራ።

ክረምት በመጣ ቁጥር ሰይድ፣ «እትዬ፣ የሆድ ትል መድኃኒት ይላኩልኝ፤ ለየበጉ አንድ አንድ ክኒን» ይላል። እሳቸውም ኮምቦልቻ ወርደው ይገዛሉ፤ ግን የጠየቀውን ግማሽ ብቻ። «የራሱን በጎች በኔ መድኃኒት ሊያክም ነው እንጂ! እኔን ማን ሞኝ አደረገኝ?» ይላሉ በልባቸው። ሰይድ አነሰኝ ብሎ አያውቅም፤ የሰው ሀብት ይዞ መነዝነዝ ያፍራል። ዝም ባለ ቁጥር ደግሞ የሳቸው ጥርጣሬ ይብሳል።

ዓመታት አለፉና በጎቹ ይከሱ ጀመር። ተቅማጡ፣ ከአገጫቸው ሥር እብጠቱ! አንዲት እናት በግም ሞተች። እትዬ ጣይባ ደጋን ድረስ ሄደው በሚስቱ በአሚና ፊት ጮኹበት።

«መድኃኒቴን ሸጠኸዋል!»

«ወላሂ አልሸጥኩም፣ እትዬ» አለ ሰይድ። ፊቱ ጠቆረ።

ማን ሊያምነው! ለሁሉም የሚበቃ ክኒን ገዝተው ተመለሱና የየበጉን አፍ እያስከፈቱ፣ ሲውጥ ቆመው አዩ። ያም ሆኖ ብዙ ሳይቆይ ሌላ በግ ወደቀ። አሁን ደግሞ ነገሩ ወደ ሻጩ ዞረ። «ጠመኔ ነው የሸጠልኝ!» እያሉ ሰይድን አስከትለው፣ የሞተውን በግ ኮምቦልቻ ላለችው የእንስሳት ሐኪም ለጽናት ወሰዱላት።

ጽናት ጨጓራውን ከፈተች። ክር የመሰሉ ትሎች ይርመሰመሳሉ።

«መድኃኒቱ ደህና ነው፣ እማማ። ትሎቹ ናቸው የለመዱት። በፊት ምን ያህል ነበር የሚሰጣቸው?»

«ግማሽ ግማሽ» አለ ሰይድ አንገቱን ደፍቶ። «የሚመጣልኝ ለሁሉም አይበቃም ነበር። ማንን አክሜ ማንን ልተው? እየገመስኩ አካፈልኳቸው።»

«በቃ፣ እሱ ነዋ!» አለች ጽናት። «ግማሹን ሲያገኙ ደካሞቹ ትሎች ይሞታሉ፤ ብርቱዎቹ ተርፈው ይራባሉ። ከዚያ ሙሉውም አይገድላቸውም።»

«የራስህንስ በጎች በምን አከምካቸው?» አሉ እትዬ ጣይባ፤ አሁንም!

«የራሴ በግ የታለኝ፣ እትዬ? የሚደርሰኝን ግልገል ጡት እንደጣለ ለልጆቹ ቀለብ እሸጠዋለሁ።»

እትዬ ጣይባ ክው አሉ። አፈሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሌላውን ሲመዝኑ ኖረው፣ በጎቻቸውን የጎዳው የገዛ እጃቸው ሆነ። ጽናት ሌላ ዓይነት መድኃኒት አዘዘች፤ እሳቸውም ሳይከራከሩ ገዝተው እዚያው ጽናት ፊት ለሰይድ ዘረጉለት።

«ሙሉ ነው፣ ሰይዶ። አፉ በለኝ፣ በድዬሃለሁ።»

ሰይድ ተቀበለ። ከዚያ ግን፣ በነዚያ ሁሉ ዓመታት አድርጎት የማያውቀውን፣ መድኃኒቱን እያገላበጠ አየና ለጽናት ሰጣት።

«እስቲ አንቺ እይልኝ፣ እህቴ» አላት። «እውነት ለሁሉም ይበቃል?»