ከእኔ በፊት የሰማው

ቅናት ነበር። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ነገሩ የሆነው መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ ነው። ጎፋ፣ ወፍጮ ቤት እሠራለሁ። የሞተሩ ጩኸት ጆሮዬን ደፍኖታል፤ ሰው ካልጮኸብኝ አልሰማም። ሚስቴ አርግዛለች። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ ሆዷ ውስጥ ዝም ብሎ ቀርቶብናል። ስለዚህ ከቀጠሮ አትቀርም፤ ጤና ጣቢያ ሄዳ የልጁን ልብ ያዳምጡላታል።

አዳማጩ ወንድ ነው። ጸጉሩን ያበጠረ ጎረምሳ ነርስ። የእንጨት ጡሩምባ አለችው፤ ሰፊውን አፏን ሚስቴ ሆድ ላይ ያሳርፍና ጆሮውን በጠባቡ በኩል ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ሚስቲቱ የኔ፣ ልጁ የኔ፤ የሚሰማው እሱ!

ቤት ስንመለስ ደግሞ አፏ አይዘጋም።

«ደህና ነው አለኝ። ይጋልባል አለኝ።»

«አለኝ፣ አለኝ! ሌላ ወሬ የለሽም?»

«አንተ ሰውዬ፣ በሐኪም ትቀናለህ እንዴ?»

«እቀናለሁ! ምን ታመጫለሽ?»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ገፍቼ ገባሁ። «አምጣት፤ እኔም ልስማ» አልኩት።

«እሺ ጋሼ። ጆሮዎን ይጫኑባትና እጅዎን ይልቀቁ። በእጅ ከያዟት ድምፁ ይጠፋል።»

ትወድቃለች ብዬ ጨብጬ ያዝኳት። ምንም የለም። ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸው ያው ወፍጮው ነው። 

«ዝም ብሏል!» ብዬ ጮህኩ።

ሚስቴ አመድ መሰለች። ነርሱ ጡሩምባዋን ነጥቆኝ አዳመጠና ሳቀ። «ደህና ነው እኮ! እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይስሙ» አላቸው አብረውን የመጡትን አማቴን። አማቴ ጎንበስ ብለው ሰሙ፤ እልል አሉ። እሳቸውም ሰሙ በሉ! ያን ቀን እራት አልበላሁም።

ምጡ የመጣ ዕለት ረፋዱ ላይ ወሰድናት። አማቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር አብረዋት ገቡ፤ እኔን «ወንድ ምን ይሠራል?» ብለው በር ላይ አስቀሩኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ነርሱ ምጡ ጋብ ባለ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። አንዴ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ቦታ ቀይሮ ደግሞ አዳመጠ።

«ሁላችሁም ዝም በሉ!» አለ። «ልቡ እየዘገየ ነው። እህቴ፣ በግራ ጎንሽ ተኚ።»

ዝም አሉ። ልጄ መኖር አለመኖሩን የምፈልገው የዚያ ጎረምሳ ፊት ላይ ነው። ሌላ ምን አለኝ? እንደዚያች ሰዓት በሰው ጆሮ ቀንቼ አላውቅም።

«አለ?» አልኩት ከበሩ።

«አለ፤ ግን ቶሎ መውጣት አለበት። ግፊ፣ እህቴ! ግፊ!»

እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ወጣ። ፈቱለት። አለቀሰ አሉ፤ እሱንም በደንብ አልሰማሁት። ነርሱ በጨርቅ ጠቅልሎ አስታቀፈኝና ጡሩምባዋን ዘረጋልኝ።

«ጋሼ፣ አሁን ይሞክሩ።»

«ተዋት፤ ያንተ ናት» አልኩት።

እኔ የወፍጮው ድንጋይ ደህና መዞሩን የማውቀው መዳፌን ማሽኑ ላይ አሳርፌ ነው። ጨርቁን ገለጥ አድርጌ መዳፌን ደረቱ ላይ አሳረፍኩ። ይጋልባል።

«አገኙት?» ብሎ ነርሱ ልጁን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

«ቆይ እንጂ!» አልኩት። «አንተ ስንት ወር ሰምተኸዋል!»