ማሽላ ያረምኩበትና ፕሮቲን የመረጥኩበት ሳምንት

አማካሪዬ የደወሉልኝ ሰኞ ጠዋት ነው።

«በቤተ ሙከራ የምንፈትነው አንድ ፕሮቲን ብቻ ነው» አሉኝ። «እስከ ዓርብ ምረጪና ላኪልኝ። ከተሳሳትሽ ዓመቱ ሄደ።»

«መርጫለሁ» አልኳቸው።

«አትቸኩይ። ዓርብ ብዬሻለሁ።»

ክረምት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ፣ የአምስት ወር ልጄን ይዤ ቀወት፣ አክስቴ ዘንድ ሰንብቻለሁ። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጡታቸው ላይ ዕጢ ወጣ። ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፣ ኬሞ ወሰዱ፣ ዳኑ ተባለ። ዓመት ሳይሞላ ተመለሰ። እንደገና ኬሞ ወሰዱ። አሁን ደህና ናቸው፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ሐኪሙ «ተመልሷል» ያለባት ቀን ከእኔም ከእሳቸውም አልወጣችም።

የማጠናውም እሱኑ ነው። ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዙትን የካንሰር ሕዋሳት ይገድላል። ጥቂቶቹ ግን እንደተኙ ያልፉታል። በኋላ ይነሱና ዕጢውን እንደ አዲስ ይወልዱታል። በትምህርቱ ስቴም ሴል ይባላሉ፤ እኔ የካንሰሩ እናት ሕዋሳት እላቸዋለሁ። ጤነኛ ሰውነትም የራሱ እናት ሕዋሳት አሉት፤ ደሙን፣ ቆዳውን፣ ፀጉሩን የሚተኩለት። የእኔ ሥራ በካንሰሩ እናት ሕዋስ ገጽ ላይ ያለ፣ በጤነኛው ላይ የሌለ ፕሮቲን መፈለግ ነው። ከተገኘ መድኃኒቱ እሱን ምልክት አድርጎ ይሄዳል።

ሌሎች ተመራማሪዎች ለሁሉም ክፍት ያደረጉትን መረጃ በላፕቶፔ ሳበጥር ከርሜ አንድ ገጽ የሚሞላ ዝርዝር ቀረኝ። አናቱ ላይ ያለው ፕሮቲን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። በካንሰሩ እናት ሕዋስ ላይ ሞልቷል፤ በጤነኛው የጡት ሕዋስ ላይ ጭራሽ የለም። ስሰግድ እንኳ ይመጣብኝ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ረቡዕ ጠዋት አክስቴ «ማሽላው በአረም ታንቋል፤ ከዚያ ዕቃሽ ላይ ተነሺና አግዢኝ» አሉ። ልጄን አዝዬ ወጣሁ።

ማሳቸው ሁለት ነው። አንደኛው በሚያዝያ የተዘራ፣ ወገብ የደረሰ ማሽላ ነው። ሁለተኛው ላይ ዝናብ ጠፍቶ ዘሩ ስለደረቀ ሰኔ መጨረሻ እንደገና ዘርተውበታል፤ ቡቃያው ገና ስንዝር አለፍ ያለ ነው። በመሀሉ የዱር ማሽላ ይበቅላል። የዱሩ ፍሬውን ለአጨዳ ሳይደርስ ያረግፍና የከርሞውን መሬት ይወርሳል። ስለዚህ ትንሽ ሳለ መነቀል አለበት። ትንሽ ሳለ ደግሞ ከማሽላው አይለይም።

እኔ ግን የተማርኩ ነኝ። መጀመሪያ ትልቁን ማሽላ ሄጄ አየሁ። እግሩ፣ የአገዳው ግርጌ፣ አረንጓዴ ነው። ከዚያ ወደ ቡቃያው ተመልሼ እግሩ የቀላውን ሁሉ ነቀልኩ። ሥራው ፈጠነልኝ። የማሳውን ሩብ ያህል እንደጨረስኩ አክስቴ መጡ። ክምሩ አጠገብ ቆሙ፣ አንዱን አንስተው አገላበጡት።

«ይሄን ማን ነቀለው?»

«እኔ ነኝ።»

«ዝንጀሮ የገባ መስሎኝ። ዝንጀሮም እኮ ይመርጣል።»

«እግሩ ቀይ ነው እኮ እትዬ። የዱር ነው።»

«የዱር እግር ብቻ ነው ቀይ ያለሽ ማነው?»

«ያኛውን ማሳ አይቼ ነዋ። የማሽላው እግር ቀይ አይደለም።»

አክስቴ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። «ያ እኮ ያደገ ነው። ይሄ ሕፃን ነው። የጀርባሽን ልጅ ከእኔ ጋር ብታስተያዪያት፣ ጥርስ የላት፣ መሄድ አትችል፣ ሰው አይደለችም ልትይ ነው? ልጅ የሚተያየው ከልጅ ጋር ነው። ማሽላም በልጅነቱ እግሩ ቀይ ነው፤ የዱሩም ቀይ ነው።»

«ታዲያ አንቱ በምን ይለዩታል?»

ተንበርክከው የአንዱን ቡቃያ አፈር በጣታቸው ገለጡ። የበቀለበት ፍሬ ቅርፊት ከሥሩ ላይ ገና አልወደቀም፤ ትልቅና ነጭ ነው። የጎረቤቱን ገለጡ፤ ትንሽ፣ ጥቁር፣ ገለባ የለበሰ። «ይሄን እኔ ዘራሁት። ይሄን አልዘራሁም» አሉ።

ለካ እኔም በላፕቶፔ ላይ ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። የካንሰሩን እናት ሕዋስ ያስተያየሁት ካደጉ ጤነኛ ሕዋሳት ጋር ነበር። ጤነኞቹ እናት ሕዋሳት፣ የጡቱም የደሙም፣ መረጃው ውስጥ አሉ፤ ግን ቁጥራቸው ጥቂት ነው ብዬ ገና ሥራውን ስጀምር አውጥቻቸዋለሁ። ያ የምኮራበት ፕሮቲን የካንሰር ምልክት ሳይሆን የእናትነት ምልክት ቢሆንስ?

«እትዬ፣ ከተማ መሄድ አለብኝ። አሁኑኑ።»

«ሂጂ ልጄ። የቀረው ማሽላም ይትረፍ።»

በባጃጅ ሸዋ ሮቢት፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ደረስኩ። መብራት አለ፤ አልሐምዱሊላህ። ልጄን በግራ ክንዴ ይዤ እያጠባሁ በቀኝ እጄ ጤነኞቹን እናት ሕዋሳት ወደ ስሌቱ መለስኳቸው። ውጤቱን ስጠብቅ ቢስሚላህ ያልኩት ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም።

የመጀመሪያው ፕሮቲን ወደቀ። ጤነኞቹም ላይ ሞልቷል። ያን ልኬ ቢሆን ኖሮ ዓመት የምንለፋው የታማሚውን የራሱን ደም አብሮ የሚያጠፋ ነገር ላይ ነበር። ሁለተኛውም ወደቀ። ሦስተኛውም። ማዘን ነበረብኝ፤ ግን ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም አሁን ማጣሪያው በእርግጥ እያጣራ ነው። ከገጹ ግርጌ ላይ አንድ ልብ ብዬው የማላውቅ ፕሮቲን አልወደቀም። በካንሰሩ እናት ሕዋስ ላይ አለ። ባደገው ጤነኛ ላይ የለም፤ በጤነኛዋ እናት ሕዋስ ላይም የለም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሦስቴም አልወደቀም። ልጄን ፍራሽ ላይ አስተኝቼ ለምስጋና ሱጁድ ወረድኩ።

ከዚያ ወደ አማካሪዬ ደወልኩ።

«ያኛውን ጣልኩት።»

«ያን ስታወድሺው የከረምሽውን?»

«አዎ። ጤነኞቹ እናት ሕዋሳት ላይም አለ።»

«እኔም ማየት ነበረብኝ። ማን አሳየሽ?»

«አክስቴ። ማሽላቸውን ነቅዬባቸው።»

«ምን ያህል?»

«የማሳውን ሩብ።»

«ከአንድ ዓመት ይረክሳል» አሉ። «አዲሱን ላኪልኝ።»

ፈተናው የተሠራው በኅዳር ነው። ያልታከሙት የካንሰር እናት ሕዋሳት በሳህናቸው ላይ እንደ ትናንሽ ኳስ ተሰባስበው አድገዋል። ፕሮቲኑን የሚይዘው መድኃኒት የተጨመረበት ሳህን ላይ ኳስ የለም። ባለሙያዋ ከማይክሮስኮፑ ዞር ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። አይቼ ጠገብኩ ማለት አልቻልኩም። ሥራው ሁለት ጊዜ ተደገመ፤ ያው ነው። ኮሪደር ላይ ወጥቼ ለአክስቴ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ሠራ። ገና በሳህን ላይ ነው፤ ለሰው እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ግን የካንሰሩ እናት ሕዋሳት ማደግ አቆሙ።»

ደስታቸውን ጠበቅሁ። እሳቸው ግን «ደህነኞቹስ?» አሉኝ።

«የትኞቹ?»

«ደህነኞቹ እናቶች ኖሩ ወይ ነው የምልሽ። እኔን ፀጉሬንም ደሜንም የጨረሰኝ፣ ያ መድኃኒት መለየት የማያውቅ ሆኖ ነው።»

«ኖረዋል እትዬ። በሌላ ሳህን እነሱም ላይ ሞክረነዋል፤ እንደነበሩ ናቸው።»

«እንግዲያው አልሐምዱሊላህ» አሉ። «አሁን ሠራ በይ።»