ጂኗን ያስተኛችው ውባንች

ውባንች የሰፋችው ጆንያ ከሽንፋ እስከ ገንዳ ውሃ ከተማ መጋዘን ድረስ ተጭኖ ሲሄድ አንዲት ፍሬ ሰሊጥ አያንጠባጥብም። ይህን የምትናገረው እሷው ራሷ ናት፤ ግን እውነቷን ነው። ሃያ ዓመት ጎረቤቷ ሆኜ አይቻለሁ።

ከአምስት ዓመት በፊት እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፓርኪንሰን ነው አሏት። የጆንያ መርፌ መጨበጥ ሲያቅታት አዲስ የሕክምና ሙከራ ውስጥ ገባች። ሐኪሞቹ አንጎሏ መሥራት ያቆመውን ንጥረ ነገር የሚያመርት ጂን አስገቡላት። ጂኑ ግን በራሱ አይሠራም። በየቀኑ አንድ ዶክሲሳይክሊን ስትውጥ ይነቃል፤ ካቋረጠች ይተኛል። ዶክሲሳይክሊን እኮ ለትኩሳት የምንውጠው፣ ቆላ ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ካፕሱል ነው! ስትነግረኝ ሳቅሁባት። በሦስተኛው ወር ግን ክር በመርፌ አስገብታ ስታሳየኝ አለቀስኩ።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ተቆረጠ። ለአረም የመጡት የቀን ሠራተኞች ማደሪያ ደግሞ በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ገባ። የጤና ጣቢያው ነርስ አለምሰገድ መድኃኒቱ አልቆበት፣ አሥራ አንድ ሰው ተኝቶበት፣ ውባንች ቤት መጣ።

«እትዬ ውባንች፣ አፍሬ ነው የመጣሁ። ለነዚህ ሰዎች የሚሆነው መድኃኒት አሁን ያለው እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው» አላት።

የቀራት የሁለት ሳምንት ነበር። ተጨማሪ የሚያመጡላት ሐኪሞች ከወንዙ ማዶ ናቸው።

መድኃኒቷን ልታወጣ ስትነሳ «አብደሻል እንዴ?» ብዬ ጮኽኩባት። «ጂኑ ተኝቶ እንደገና የነቃው አይጥ ላይ ብቻ ነው። ሰው ላይ መንቃቱን ሐኪሞቹም ገና አላዩም!»

«የኔው ይጠብቀኛል፤ የነሱ ትኩሳት አይጠብቅም» ብላ ብልቃጡን እንዳለ ሰጠችው።

አለምሰገድ ለጠናባቸው እየደገመ ሁሉንም ጨረሰው። አሥራ አንዱም ተረፉ። መጨረሻ ላይ ከሕመሙ የተነሳው እንዳለው የሚባል ከጎጃም የመጣ የሦስት ልጆች አባት ነው።

በስምንተኛው ቀን የውባንች ጣቶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት ራሷ መጉረስ አቃታት። እኔ ንድድ ብሎኝ አጎርሳታለሁ፤ እሷ «አጉርሺኝ እንጂ አትነጫነጪብኝ» ትለኛለች። እንዳለው ከአረም ሲመለስ አሮጌ ጆንያ ይጥፍላታል። «ይኸ ስፌት ነው ወይስ አጥር?» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። እኔ ግን ፈርቼ ነበር። መኸሩ እየደረሰ ነው፤ እጇ ካልተመለሰ ውባንች ምን ልትሆን ነው?

ወንዙ ሲጎድል የሕክምና ሙከራው ሐኪም ዶክተር ሔለን መጥታ መድኃኒቱን አስጀመረቻት። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ለውጥ የለም። ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ገብቼ ሳያት፣ እንዳለው የጣፈውን ሁሉ ፈትታ እንደገና እየሰፋች ነው። እጇ ፀጥ ብሏል። አቅፌ ሳምኳት።

ዶክተር ሔለን ለምርመራ ተመልሳ ስትመጣ እንዳለው አጠገባችን ጆንያ እያጣጠፈ ነበር። ዶክተሯ የውባንችን እጅ አገላብጣ አየች። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፤ ቁጣዋንም አልተወችም።

«ሳይነግሩን ማቋረጥ አልነበረብዎትም። ጂኑ ባይነቃስ ኖሮ?»

ውባንች እንዳለውን በአገጯ አሳየቻት።

«እሱስ ባይነሳ ኖሮ?»