አባትየው ያላስጨረሰው ንግግር

በእሑድ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳስተምር የተሰጠኝ የጠፋው ልጅ ምሳሌ ነበር። ሐይቅ ከተማ የተከራየሁት ክፍል ጎን አንዲት ልብስ ሰፊ ሱቅ አላት። ሳውዲ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ልጅ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩና፣ "ላንብብልሽ፤ ይገባ እንደሆነ ንገሪኝ" አልኳት።

"ሙስሊም መሆኔን ረሳኸው እንዴ?" ብላ ሳቀች።

"ታሪኩን የማያውቅ ሰው ነው የምፈልገው።"

እየሰፋች አዳመጠችኝ። ልጁ ድርሻውን አባክኖ ተራበ። ሊመለስ ሲነሳ ለአባቱ የሚለውን አዘጋጀ፦ በድያለሁ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም፣ እንደ ቅጥር ሠራተኛ አድርገኝ ሊል። አባቱ ከሩቅ አይቶት አዘነለት፤ ሮጦ አቀፈው፣ ሳመው። ልጁም፣ በድያለሁ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም አለ፤ አባቱም ልብስ አምጡ አለ።

የስፌት መኪናው ቆመ። "ቆይ፣ አንድ ነገር ዘለልክ።"

"ምን ዘለልኩ?"

"ሠራተኛ አድርገኝ የሚለውን። ሲዘጋጅ ነበረ፤ አሁን የለም።"

"ኧረ አልዘለልኩም!" ብዬ መስመሩን በጣቴ ሁለት ጊዜ ተከተልኩት። እውነትም የለም! አባትየው ልጁን ሳያስጨርስ ልብስ አምጡ፣ ቀለበት አምጡ ይላል። ያው ንግግር ሁለቴ የተነገረን ለካ የጎደለውን እንድንሰማ ነው! ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው አንድ ቀንም ልብ አላልኩትም። ከወንበሬ ተነሳሁ።

"እንዴት ያዝሽው?"

"ወላሂ፣ እኔም ይችኑ ቃል ይዤ ነው የመጣሁት። አውሮፕላን ላይ ስለማመዳት ነበር፦ አባባ፣ ባዶ እጄን ነው የመጣሁ፣ እንደ ሠራተኛም ቢሆን ያስጠጉኝ ልል። አርዲቦ ሐይቅ ዳር እያረሱ ሳሉ አዩኝና በሬዎቹን ትተው ሮጡ። ገና 'አባባ' ስል፣ 'ዝም በይ! ምሳ በልተሻል?' አሉኝ።"

እየሳቀች ዓይኗን በጨርቁ ጠረገች። እኔም መሳቄንና ማልቀሴን አላውቅም።

እሑድ ሁለቱንም ንግግር አነበብኩና፣ "ምን ጎደለ?" ብዬ ጠየቅሁ። ከኋላ አንዲት እናት፣ "ሠራተኛ ልሁን ማለቱ ቀረ። ታዲያ ልጄ፣ ያባቱ አንገት ውስጥ ተወሽቆ በምን አፉ ይናገር?" አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ሁሉም አንድ ላይ ማውራት ጀመረ። አንዲት ተማሪ ብድግ ብላ፣ "አባትየውኮ ለልጁ አንድም ቃል አልመለሰለትም! የተናገረው ለአገልጋዮቹ ነው" አለች።

ይህን ደግሞ እኔም አላየሁትም ነበር! "የት? አሳዪኝ!" እያልኩ መጽሐፌን ይዤ ወደ እሷ ሮጥኩ። ሰዓቱ አልቆ መዘምራኑ ለልምምድ መጥተው በር ላይ ቆመዋል፤ ለመውጣት የተነሳ ግን አልነበረም።