ሽታ የጠፋበት ክረምት

ካዛንቺስ የሽታ ሰፈር ነበረች። ጠዋት የዳቦ ቤቱ ሽታ በራችን ድረስ ይመጣል፤ ከቀትር ጀምሮ አስፋልቱ ዳር ያሉት ጥብስ ቤቶች ይረከቡታል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሁሉም ከእርጥብ አፈርና ከታክሲ ጭስ ጋር ተደባልቆ ቆርቆሮው ሥር ያድራል። እኔ ያደግኩት ጊዜን በምግብ ሽታ እየለየሁ ነው። ጎረቤታችን ሽንኩርት ማቁላላት ስትጀምር ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው ማለት ነው፤ ሰዓት ማየት አያስፈልገኝም ነበር። ስለዚህ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ አንድ ክረምት ግቢያችን በሙሉ ሽታ ሲያጣ፣ መጀመሪያ የጠፋብኝ ሰዓቱ ነው። ቀኑ ሁሉ አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነው የማስታውሰው።

ነገሩ የመጣው በአባቴ ሆድ ነው። አባቴ ለገሃር አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ የሚሠራ፣ ምግብ ወዳድ፣ እየበላ ማውራት የሚወድ ሰው ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ ከሥራ ሆዱን ይዞ ገባ፤ በማግስቱ አንጀቱ ተጠማዟል ተብሎ ኦፕራሲዮን ሆነ። ከእምብርቱ በላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ረጅም ስፌት ይዞ ወጣ። የሠራው ወጣት ሐኪም እናቴንና እኔን ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ አሁን ዋናው ነገር ምግብ ነው አለን። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ይብላ፤ እሱ ከጠፋ ምስርና ባቄላ ይብላ፤ የተቀደደ ሰውነት የሚሞላው ከሚበላው ነው እንጂ ከመርፌ አይደለም አለ። የሐዋርያት ጾም ተፈትቷል፣ ፍልሰታ ገና ናት፤ ለረቡዕና ለዓርቡም የንስሐ አባታችን ፈቅደዋል። እናቴ እያንዳንዱን ቃል ራሷን እየነቀነቀች ተቀበለች። ከልቧም ነበር። ብቻ እሷ ዘንድ ሐኪሙ ያላወቀው አንድ ነገር አለ።

እናቴ ልጅ ሳለች፣ ሰሜን ባደገችበት አገር፣ ታላቅ ወንድሟ እግሩን በመጥረቢያ ቆስሎ ተኝቶ ነበር። ጎረቤት ሠርግ ተደገሰ። ወጥ ሲቁላላ፣ ቅቤ ሲነጠር ሽታው እሱ ወደተኛበት ቤት ገባ፤ እግሩ አበጠ፣ አመረቀዘ፣ ሙሽሮቹ መልስ ሳይጠሩ እሱ ተቀበረ። ሽታ መታው አሉ። የኛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ትኩስ ቁስል ያለበት ሰው የሚቁላላ ነገር ከሸተተው ቁስሉ ይመታል። እኔም ብሆን አላምንም እላለሁ እንጂ፣ ዛሬም ጣቴን ቢላ ከቆረጠኝ በጥብስ ቤት በኩል ሳልፍ ትንፋሼን እይዛለሁ።

እናም እናቴ ለጦርነት ተዘጋጀች። የአባቴን አፍንጫ በጥጥ ደፈነች። በትራሱ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ጤና አዳም አኖረች፣ በእጁ ሎሚ አስያዘችው። የጥብስ ቤቶቹ ሽታ በአጥር ተሻግሮ እንዳይገባ ከበራችን እስከ አጥሩ ሸራ ወጠረች። ከዚያ ግቢውን ለመነች። ግቢያችን ሦስት ቤተሰብ፣ አንድ ማድ ቤት ነበረው። ጎረቤታችን ሱቅ ያላት ጉራጌ ሴትዮ ናት፤ እናቴ ሳትጨርስላት፣ እሱ ይዳንልኝ እንጂ እሳት አልነካም ብላ ድስቷን ተሸክማ ሰንጋ ተራ እህቷ ቤት ማብሰል ጀመረች። ሦስተኛው ጎረቤት ወንደላጤ ሹፌር ነበር፤ ከእንቁላል ጥብስ በቀር ማብሰል የማይችል። እሱም ወሎ ሰፈር ካፌ ለካፌ እየዞረ መብላት ያዘ። ሲመለስ ግን እናቴ በር ላይ ጠብቃ፣ ኮትህን ንፋስ ይምታው ትለዋለች፤ ዝናብ ላይ ቆሞ ኮቱን ሲያራግፍ የነበረው ሁኔታ አሁንም ያስቀኛል። አንድም ቀን አላጉረመረመም።

ያ ክረምት ለኔ ከፊል ሕልም ነው። ትምህርት ጨርሼ ሥራ የምጠብቅበት ጊዜ ስለነበር አባቴን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። እግሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጬ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ስነቃ ዝናቡ ያው ነው፣ በሸራው አልፎ የሚገባው ብርሃን ያው ሰማያዊ ነው፣ አባቴም ያው እንደተኛ ነው። ከሩቅ የታክሲ ረዳት «ስታድየም፣ ለገሃር» እያለ ይጣራል፤ ድምፁ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ይሆንብኛል። አንዳንዴ ቤቱ ከሰፈሩ ተነቅሎ ብቻውን የሚንሳፈፍ ይመስለኝና ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሲታመም ደስ ማለቱ ነውር ነው፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ ግን አይበላም። የሚሰጠው ነገር ሽታ የሌለው መሆን ነበረበት። ቅቤ ያልነካው ቀጭን አጥሚት፣ ደረቅ ዳቦ፣ ሻይ። አፍንጫው ተደፍኖ ጣዕም ከየት ይምጣ? ትንሽ ይቀምስና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እየበላ የሚያወራው ሰውዬ፣ መብላቱን ሲተው ማውራቱንም ተወ። ጺሙን ስላጨው ምላጩ የሚያርፍበት ጉንጭ ያጣ ነበር። እንቁላል እንኳ ልቀቅልለት ብዬ እናቴን ጠየቅኳት፤ የተቀቀለ እንቁላል ሲላጥ ምን እንደሚሸት አታውቂም ወይ አለችኝ። ወተትስ? ሲፈላ ይሸታል። ሥጋማ አይነሳም። እማዬ ልጅ የምትመክር አስተዋይ ሴት ናት፤ በዚህ ጉዳይ ግን ከሷ ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መከራከር ነበር። እኔም ገንፍዬ ትቼው ወጣሁ፤ ተመልሼ ደግሞ አጥሚቱን ይዤ ገባሁ።

ለክር ማውጫ ስንሄድ ቁስሉ ከታች በኩል አፉን ከፍቶ ተገኘ። ሐኪሙ ካየው በኋላ የአባቴን ክንድ በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገና ምን እየበላ እንደሆነ ጠየቀ። እናቴ የሚቻለውን አለች። አባቴን አስወጥቶ ለኛ የተናገረው ረጅም አልነበረም። በቀጠሮው ቁስሉ መዝጋት ካልጀመረ እንደገና መክፈት ግድ ይሆናል፤ ይህ ሰውነት ደግሞ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን የሚችል አይመስለኝም አለ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ግድግዳውን ተደግፌ ነው የሰማሁት።

በታክሲ ስንመለስ እናቴ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር። ልቧ ተሸንፎ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ቤት ስንደርስ ግን የመጀመሪያ ንግግሯ፣ አንድ ሰው ደብቆ አብስሏል የሚል ሆነ። የሹፌሩን ክፍል በር ገፍታ አሸተተች። ከዚያ ሸራውን ዝቅ አድርጋ እንደገና ወጠረችው፤ በሩም መጋረጃ ተጨመረለት። ሐኪሙ ያስፈራራት መስሎኝ ነበር፤ እሷን ያስፈራራት ያ የቆየ ሠርግ ነበር።

ጎረቤት የሰማውን ሰምቶ መምጣት ጀመረ። ሸራው ሥር አግዳሚ ወንበር ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ አባቴ እንዳይረበሽ በሹክሹክታ እያወሩ ይቀመጣሉ። ባዶ እጅ መምጣት ስለማይሆን፣ የበሰለ ነገርም ስለተከለከለ፣ ሁሉም ዳቦ ይዞ ይመጣል። ባለሱቋ አስባ አስባ ሽታ የሌለው ምግብ አገኘሁ ብላ ከሰንጋ ተራ በሳፋ ንፍሮ አመጣች፤ ስንዴና ሽንብራ። በየሳህኑ ለሰው ሁሉ ታደለ። ለአባቴም በትንሽ ሳህን አስገባሁለት።

ሳህኑን አየው። ከሳህኑ ላይ ዓይኑን አንስቶ መጋረጃውን፣ በመጋረጃው ክፍተት ደግሞ ሸራውን፣ አግዳሚውን፣ የተከናነቡትን ሴቶች አየ። ብዙ ጊዜ ሳይናገር ስለቆየ ድምፁ ሲወጣ ደነገጥኩ።

«የሞተው ማነው?»

ማንም አልሞተም አልኩት። አላመነኝም።

«እሳት አይነድም። ጎረቤት ንፍሮ ያመጣል። ድንኳን ተተክሏል።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ተኝቼ ስሰማችሁ ቆየሁ እኮ። እኔ ነኝ አይደል? ንገሩኝ በቃ፤ ልወቀው።»

እናቴ መጋረጃው ጋ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። እኔ አሁን ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለቀሰችም። አግዳሚውን፣ ሳፋውን፣ ሸራውን እሷም እንደ አዲስ ስታይ አየኋት። ሁላችንም እኮ ብዙ ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል፤ የለቅሶ ቤት ምን እንደሚመስል የማናውቅ ሰዎች አልነበርንም። ሴቶቹም የሳህናቸውን ንፍሮ መዝገን ትተው እርስ በርስ መተያየት ያዙ። ባለሱቋ ሳህኗን ነጠላዋ ሥር ደበቀችው።

እናቴ ማድ ቤት ገባች። ትንሽ ቆይቶ የቢላ ድምፅ መጣ፤ ሽንኩርት የሚከትፍ ቢላ። ሴቶቹ ተነሡ። ባለሱቋ ብቻ በሩ ጋ ሄዳ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ቡታጋዙን እንድትለኩስላት ክብሪቱን ነው የሰጠቻት። ራሷ መለኮስ አልቻለችም ነበር።

ሽንኩርቱ ዘይት ሲነካ የወጣውን ድምፅ አልረሳውም። ሽታው በማድ ቤቱ በር ወጣ፣ በሸራው ሥር ተንከባለለ፣ ግቢውን ሞላ። ሹፌሩ ከክፍሉ ወጥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። እኔ እግሮቼ መሬት የነኩ መሰለኝ፤ ስድስት ሰዓት ሆኗል አልኩ በልቤ፣ ምንም እንኳ ዘጠኝ ሰዓት ቢሆን። እናቴ ቲማቲም ጨምራ ስልስ አደረገችው፣ እንቁላሉን ሰብራበት አመጣችው። አልጋው ጫፍ ተቀመጠችና ጥጡን ከአባቴ አፍንጫ ራሷ አወጣች። ስታወጣው ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጸሎት ይሁን የወንድሟ ስም እንጃ።

አባቴ አየሩን ሳበ። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ ረዘም አድርጎ። የታመመ ሰው ምግብ ሲሸተው ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር ያየ ያውቀዋል፤ ከዓይን ነው የሚጀምረው። ጨው አልበዛበትም ወይ አለ፣ ገና ሳይቀምስ። ከዚያ በላ። ብዙ አልበላም፤ ግን እየበላ አወራ። ሊጠይቀው የመጣው ሰው ሁሉ በር ላይ ተደርድሮ ሲበላ ያየው ነበር፣ እኛ ቤት ቴሌቪዥን የገባ ቀን እንኳ እንደዚያ አልተሰበሰበም።

ሸራው በዚያው ቀን ወረደ። ከዚያ በኋላ ያለውን የማስታውሰው እንደሚሞቅ ነገር ነው፤ ምስር፣ አልጫ፣ የባቄላ ሾርባ፣ ከቂርቆስ ገበያ በየጠዋቱ የሚመጣ እንቁላል። ባለሱቋ ድስቷን መለሰች። እናቴ ግን አላረፈችም። ጠዋት ጠዋት ፋሻው ሲፈታ በር ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች፤ እንዴት ነው ብላ የምትጠይቀው እኔን ነው። ደህና ነው እላታለሁ። ቀይ ነው ወይ ጥቁር፣ ይሸታል ወይ ትለኛለች። አይሸትም እላታለሁ። ባበሰለች ቁጥር እየፈራች ነበር ያበሰለችው፤ ይህ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። እኛ ሽታው ሲመለስልን እሷ ወንድሟን በየቀኑ ትቀብር ነበር።

የቀጠሮው ዕለት ሐኪሙ ፋሻውን ራሱ ፈታ። ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየ። ቁስሉ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ሞልቶ፣ ጠርዞቹ እየተሳቡ ነበር። መክፈት አያስፈልግም፣ በያዛችሁት ቀጥሉ አለ። አባቴ ሸሚዙን እየቆለፈ ከሐኪሙ ጋር ስለ አልጫ ማውራት ጀመረ። እኔ ለመሳቅ ወደ እናቴ ዞርኩ።

እናቴ ግድግዳው ጋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሐኪሙ ሊያመሰግናት ብሎ፣ የዳኑት በእርስዎ እጅ ነው አላት። እሷም አየችውና በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣

«ልገድለው ነበር እኮ» አለች።

ሐኪሙ አልገባውም። አባቴ ገባው። ቁልፉን ትቶ፣ ከአልጋው ላይ ቀስ ብሎ ወርዶ፣ ሆዱን በአንድ እጁ ደግፎ ከጎኗ ሄዶ ተቀመጠ።

«ወንድምሽ ላይ የደረሰውን ያየ ሰው» አላት፣ «ያን ቀን ሽንኩርት ለመክተፍ አይነሳም ነበር። አንቺ ተነሳሽ።»

ያኔ አለቀሰች። ክረምቱን ሙሉ ያላለቀሰችውን፣ ምናልባትም ልጅ ሳለች በዚያ ሠርግና ቀብር መሀል አልቅሳ ያልጨረሰችውን ጭምር አለቀሰች። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ወጥቶ በሩን ዘጋልን። አባቴ እስክትጨርስ ድረስ ትከሻዋን ይዞ ጠበቃት፤ እኔም ቆሜ ጠበቅኳቸው።